ያልተሞከረ ፍሬን

«እኔ ከማን ቀጥሎ ነኝ?» ሲል ጠየቀ ዳቦ አመላላሹ፣ አጠገቡ ወደተቀመጡት ሽማግሌ ጠጋ ብሎ።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። «እሱን ማን ያውቃል ልጄ? ሁሉም ተራውን ይጠብቃል እንጂ» አሉና በረጅሙ ተነፈሱ።

ዳቦ አመላላሹ ራሱን ነቀነቀ። ተራው ሩቅ መሆኑ ገባው። ሰሞኑን ከከተማ ወጥቶ ሰንብቶ፣ በቀጥታ ለጥገና የሰጠውን ሞተር ሳይክሉን ሊወስድ ነው የመጣው። በሩን ገፋ አድርጎ ሲገባ ግቢው በፕላስቲክ ወንበር ተሞልቶ፣ ወንዶቹ እጃቸውን በጉልበታቸው መሐል ከተው መሬት መሬት ያያሉ። በዚህ ግቢ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። መካኒኳ ሥራ ላይ ሳለች የሚያወራ ደንበኛ ስለማትወድ፣ ፍሬን የሚያሠራ ሁሉ እንዲሁ ነው ቁጭ የሚለው። እንግዳ የሆነበት በእጁ ያለው ሻይ ብቻ ነው። መካኒኳ ለደንበኛ ሻይ ቀርቶ ፈገግታም የምትቆጥብ ናት።

ማንቆርቆሪያ ይዛ የምትዞረው ሴት አጠገቡ ስትደርስ፣ «እናት ዓለም፣ መካኒኳ ወጣ ብላለች እንዴ? የኔ ሞተር አልቆ ከሆነ ይዤው ልሂድ» አላት።

ሴትዮዋ ማንቆርቆሪያውን እንዳዘነበለች ቀረች። የሟቿ ባል ታላቅ እህት ናት። ሻዩ ሞልቶ ጣቱን ሲያቃጥለው ነው ዳቦ አመላላሹ ጥቁር ልብሷን ያየው። ከዚያ የሌሎቹን። ማዶ ከተቀመጡት አንዱ ሳቅ አመለጠውና ሳል አስመስሎ ዋጠው።

«እሷ… እሷ ናት?» አለ ዳቦ አመላላሹ። ብርጭቆውን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው።

ባልየው ይህን ሁሉ በመስኮቱ ሰምቷል። ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናው በመስኮቱ ሥር፣ የእሷ የሥራ ቦታ ደግሞ ከመስኮቱ ማዶ፣ ከጣሪያው ክፈፍ በታች ነው። ትዳራቸውን በመስኮት ደፍ ላይ ነው ያሳለፉት ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ከቀብሩ ወዲህ በዚያው ቦታ፣ ክዳን በለበሰው መኪና ፊት ተቀምጧል። ሲያናግሩት «እሺ» ይላል። ብላ ሲሉት እሺ፣ ተኛ ሲሉት እሺ። አይበላም፣ አይተኛምም።

«እንባ የሚባል አልወጣውም እኮ» ይላሉ ሴቶቹ በሹክሹክታ።

«ደንግጦ ይሆናላ።»

«ምን ይደነግጣል፣ ድሮም የምታወራለት እሷ ነበረች!»

እውነት ነው፣ ታወራ ነበር። ከሰው ጋር አይደለም እንጂ። የሞተር ካንዴላ ፈትታ ባወጣች ቁጥር ታነጋግራታለች። ጫፏ የብስኩት መልክ ካላት «አንቺስ ጤነኛ ነሽ» ትላለች። ነጣ ካለች «ትኩሳት ይዞሻል»፣ ጥላሸት ከለበሰች «ያለ ልክ ነው የበላሽው፣ ቤንዚኑ በዝቶብሻል»። ከቦረሸቻት በኋላ በመስኮቱ በኩል ታቀብለውና «ዓይንህን አውሰኝ» ትለዋለች። ብልጭታው የሚዘልባትን ያቺን ጠባብ ክፍተት በስስ ብረት ለክቶ የሚነግራት እሱ ነበር። በመርፌ ክር ሲያሾልክ የኖረ ዓይን ይሻላል ትል ነበር። ኋላ ኋላ እሱም መነጽር አደረገ፤ ቢሆንም መጠየቋን አልተወችም።

ዳቦ አመላላሹ ብርጭቆውን በመጨረሻ ሣሩ ላይ አስቀምጦ፣ በክፈፉ ሥር ወደቆመው ሞተር ሳይክሉ ቀስ ብሎ ሄደ። እህትየዋም «ውሰደው፣ ውሰደው፣ ዳቦ የሚጠብቅህ ሰው ይኖራል» ብላዋለች። እጁን ወደ መሪው ሲዘረጋ ከመስኮቱ ድምፅ መጣ።

«አይወሰድም።»

ግቢው ሁሉ ዞረ። ልብስ ሰፊው ቆሟል።

«አልተሞከረም» አለ።

የፍሬኑ እጀታ ላይ ቀይ ቁራጭ ጨርቅ ታስሯል። ከልብስ ሰፊው ቁርጥራጮች አንዱ ነው። ያ ጨርቅ ያለበትን ሞተር ማንም አይነዳም፤ የግቢው ሕግ ነው። በሞተችበት ዋዜማ ከሰዓት መካኒኳ የፊቱንም የኋላውንም የፍሬን ሸራ በአዲስ ለውጣ፣ ገመዱን ወጥራ፣ ጨርቁን አሰረች። «ነገ እንሞክረዋለን፣ ዛሬ ራሴን አሞኛል» ብላ ገባች። በማግስቱ አልነቃችም።

«ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ ብመጣስ?» አለ ዳቦ አመላላሹ።

«ሌላ ጊዜ ማን ይሞክረዋል?»

ዳቦ አመላላሹ እጁን ከመሪው ሰበሰበ።

እኛ ጎረቤቶቹ አሞካከሯን እናውቀዋለን። «ባዶ ሞተር ማን ማቆም ያቅተዋል?» ትል ነበር። አሽከርካሪዎቹ ጆንያ የሚጭኑ ስለሆኑ በጭነት መሞከር ነበረበት፤ ጭነቱ ደግሞ ባሏ ነው። ስትጠራው መቀሱን አስቀምጦ፣ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ፣ ከኋላዋ ይወጣና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ከበሩ ቁልቁል፣ መንገዱ መጨረሻ ላይ እስካለው ግንብ። ልብስ ሰፊው የወፈረው ለሥራ ብሎ ነው እያልን ስንቱን ቀልደናል። ከኋላዋ ሲቀመጥ ግን ፊቱ የተኛ ሕፃን ይመስል ነበር።

ወጣና ጨርቁን ፈታ። ቋጠሮው የእሷ ነው፣ ጠብቆ ነበር፤ በጥርሱ መጎተት ግድ ሆነበት።

«አንተ ትነዳለህ፣ እኔ ከኋላ ነኝ» አለው።

ዳቦ አመላላሹ ማስነሻውን ቢረግጠው ቢረግጠው ሞተሩ አስነጥሶ ዝም አለ። ልብስ ሰፊው ተንበረከከ። የካንዴላዋን ገመድ ነቀለ፣ የእሷን ቁልፍ ሳይፈልግ ከቦታው አነሣ፣ ፈትቶ አወጣት። ጥላሸት ለብሳለች። ምንም አላላትም። ቦረሻት፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ክፍተቷን ለካ። ሲመልሳት መጀመሪያ በጣቶቹ አዞራት፣ ዘልቃ ስትገባ ብቻ በቁልፉ አጠበቃት። ይህን ሲማር ያየው ሰው የለም።

ሞተሩ ሲነሣ ከቤት ውስጥ አንዲት ሴት በጩኸት አለቀሰች። እኛንም ልባችንን ምን እንዳለው እንጃ። ያን ድምፅ ስንሰማ ቀጥሎ የእሷን ቁጣ ለመስማት ጆሯችን ለምዷል።

«ኧረ ወንድሜ! ኧረ እግዜር ያይሃል!» አለች እህቱ። እሱ ግን ተፈናጧል።

ከበሩ እንደወጡ መንገዱ ወደ ታች ተንጋለለ። ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፈነ። ነፋሱ በኮቱ እጅጌ ገብቶ ክንዱን ነፋው፣ አጥሮቹ በጆሮው አጠገብ ሹሽ ሹሽ እያሉ አለፉ፣ የሰቀሉት ልብስ የሚራገብበት ቤት፣ ውሃ የሚንጠባጠብበት ቧንቧ፣ ሁሉም እንደ ድሮው በየተራቸው መጡ። አካሉ ቀለለ። ይህ ቁልቁለት ማለቂያ ባይኖረው፣ ግንቡ እየሸሸ እየሸሸ ቢሄድ፣ እንዲህ እንደወረዱ ቢመሽና ቢነጋ ምን ነበረበት? ትንሽ ቢቆይ ትከሻዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ፍሬኑ ሊያዝ ሲል ሁልጊዜ ዝቅ ታደርጋለች። ከፊቱ ያለው ጀርባ ግን ሰፊ ነው። የዱቄት ሽታ አለው።

«አሁን» አለ ልብስ ሰፊው ዓይኑን ሳይገልጥ።

አዲሱ ሸራ መጀመሪያ ተንሸራተተ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ምንም የያዛቸው ነገር አልነበረም። ዳቦ አመላላሹ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀመረ። ከዚያ ግን ከጎማው እምብርት ውስጥ አንድ ነገር በቀስታ፣ ትከሻ እንደሚነካ እጅ፣ ያዘ። ያዘና አጠበቀ። መንገዱ ዘገመ፣ አጥሮቹ ተራ በተራ ቆሙ። ግንቡ ከፊት ጎማው አንድ እርምጃ ያህል ርቆ ቀረ።

ዳቦ አመላላሹ ሞተሩን አጠፋ።

«ጋሼ፣ ደርሰናል» አለ።

ጃኬቱ ከጀርባው በሁለት እጅ ተጨምድዷል። ቆይቶ የሰውየው ግንባር በትከሻዎቹ መሐል ሲያርፍ ተሰማው፤ ከዚያም ሸሚዙን ዘልቆ የሚሞቅ እርጥበት፤ ከዚያም ያ ትልቅ አካል ሞተሩን ከነጎማው እያነቃነቀ ሲንቀጠቀጥ። ዳቦ አመላላሹ ሁለት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ፣ መሪውን ይዞ፣ እንደቆመ ቆየ። ዳቦውንም ተራውንም ረሳ።

እህቱ እያለከለከች ደረሰች። ከኋላዋ ግማሹ ለቀስተኛ ዳገቱ አፋፍ ላይ ቆሞ ያያል።

«ጥቁር ለብሰህ! በሞተር! በጠራራ ፀሐይ!» አለች፣ ጎኗን ይዛ። «አሁን ሰው ምን ይላል?»

ግንባሩን ከጃኬቱ ላይ አላነሣም።

«ፍሬኑ ይሠራል ይላል» አላት።