ለዘንዶው የቀረ ስለት

ፍኖተ ሰላም ከተማ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ዘንዶ ምንጭ ይጠብቃል የሚል ተማሪ ቢገጥመኝ ክፍሉን ሙሉ አስቅበታለሁ። ባለፈው ግንቦት ግን እናቴን ደግፌ ከቡሬ ወዲያ ወዳለው የዘንዶ ምንጭ ወረድኩ። ምን ላድርግ? ሰባ ዓመታቸው ነው፣ ልባቸው ደክሟል፤ «ስለቴን ሳላደርስ አልበላም» ካሉ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር።

ነገሩ የቆየ ነው። እናቴ ወለተ ጊዮርጊስ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አጥተው ሲኖሩ፣ ከምንጩ በላይ ያለውን ቋጥኝ ቅቤ ቀብተው ለዘንዶው ተሳሉ፤ ልጅ ብትሰጠኝ አምጥቼ አሳይሃለሁ አሉት። በሰፈሩ ወግ፣ ተስለውበት ሳይታይ የቀረ ልጅ የዘንዶው ነው። ከዚያ እኔ ተወለድኩ። አባቴ ቄስ ደጀኔ ግን «የቄስ ልጅ ለእባብ አትታይም» ብለው ከለከሉ። ታናሼ አድማሴ በሰባት ዓመቱ በወባ ሞተ። ወባ መሆኑን ሐኪም መስክሯል። እናቴ ግን ዘንዶው በኔ ፈንታ ወሰደው ብለው ይህን ሁሉ ዓመት በሆዳቸው ይዘውት ኖሩ። የነገሩኝ አባቴ ካረፉ በኋላ ነው።

ቋጥኙ ጋ ስንደርስ ነጠላቸውን አደግድገው ቅቤውን በመዳፋቸው ቀቡ፤ ቆሎውን በተኑ። እኔ ዙሪያዬን እገላመጣለሁ፤ ተማሪ ቢያየኝ ጉዴ ፈላ። ክንዴን ይዘው ወደ ፊት አቀረቡኝ።

«ይችውልህ ልጄ ታንጉት። ዘግይቻለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እንግዲህ አድማሴን መልስልኝ።»

ይቅርታ ልንጠይቅ የመጣን መስሎኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት የተለቀሰልኝ ልጅ ነኝ እያልኩ ስኮራ ኖሬ፣ ለአድማሴ ልዋጭ ሆኜ ቀረብኩ።

እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መንገድ መንገዱን ያዩ ጀመር። ፀሐይ አዘቀዘቀች።

«እምዬ፣ ይነሱ እንሂድ። አይመጣም» አልኳቸው።

«ትንሽ ታገሽ። በዚያች በትንሽ እግሩ እኮ ነው የሚመጣ።»

ተናድጄ ነበር፤ ከሞተ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን ሳይ ግን አቃተኝ። እንዲያ በተስፋ ሲጠብቁ አይቻቸው አላውቅም፤ እኔን እንኳ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በልቤም ዘንዶውን «ውሰደኝና ልጃቸውን ስጣቸው» አልኩት።