የአበምኔቱ በር

የኋላሸት ዘንዶ ገድሎ ነው የመጣው። ሦስት ቅዳሜና እሑድ የላፕቶፕ ጨዋታው ላይ ተደፍቶ፣ የጥንት ፈረንጅ ባላባት ሆኖ፣ ሰይፍ ታጥቆ። አሁን ግን ጥጃ የሚዘለው ካብ አላሳልፍ ብሎታል። ከካቡ ወዲያ ገዳም አለ፤ የገዳሙ አበምኔት ቁልፍ ካልሰጠው ጨዋታው አያልቅም፤ በር ላይ ስለከለከለው ነው በካቡ የሚሞክረው። ባላባቱን ዝለል ቢለው እዚያው ቆሞ እግሩን ያንፈራግጣል።

«ወይ ዘንዶ ገዳይ!» አለ። «ከይጁቤ ገበያ የሚመለስ ሰካራም እንኳ ይሄን ካብ አያቅተውም።»

የኋላሸት ልጅነቱን ቅኔ ቤት ያሳለፈ፣ አሁን ደብረ ማርቆስ ላይ አማርኛ የሚያስተምር ሰው ነው። ጨዋታው ለእሱ ዓይነቱ አንደበት ሦስት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ደርድሮ «ምረጥ» ይለዋል፤ አንዳቸውም ሰው የሚናገራቸው አይደሉም። መጀመሪያ የሄደ ዕለት «በሩን ክፈት» የምትለዋን መረጠ፤ የቀሩት ከእሷ የባሱ ነበሩ። አበምኔቱ ተቀየመ። ከዚያ ወዲህ ስንቴ ቢመላለስ የሚሰማው ያችኑ ነው፦ ከአንተ ጋር የምነጋገረው የለኝም።

«ይቅርታ የምትል ምርጫ የለችም! ሽማግሌ መላክ የለ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ መውደቅ የለ! ይሄ መነኩሴ ነው ግንድ? አንዲት ቃል ይዞ ሙጭጭ! ይሄን የሠራ ሰው ከሰው ጋር ኖሮ አያውቅም።»

ባለቤቱ ሔዋን ልብስ ታጥፋለች። «ዛሬ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ» አለችው።

«ይምጡ። መልሴን ያውቁታል።»

የሚያስታርቁት ከታላቅ ወንድሙ ከአበረ ጋር ነው። አባታቸው አምበር ከተማ ላይ ያረፉት የኋላሸት የመመረቂያ ፈተናውን ሊፈተን አራት ቀን ሲቀረው ነበር። አበረ «ልጁ ይፈተን» ብሎ ሞቱን ደበቀ፤ መርዶው የደረሰው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። አባቱን ሳይቀብር ቀረ። ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ ዛሬም ያንገበግበዋል። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ አሳፍሮ መልሷቸዋል። ባለፈው ሲወጡ ቄስ ፍቅረ ሥላሴ «አንዴ እንመለሳለን፤ ከዚያ ግን ደጅህን አንረግጥም» ብለውታል።

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ መጣ። ቄሱ ነበሩ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላቸው ቆመዋል።

የኋላሸት ከወንበሩ ሳይነሣ «አባ፣ ነግሬዎታለሁ» አለ። «ከእሱ ጋር የምነጋገረው…»

ቀሪዋ አፉ ውስጥ ቀረች። አበምኔቱ ከላፕቶፑ ላይ አፍጥጦ ያየዋል። ሔዋን የያዘችውን ነጠላ ማጠፍ ትታ ባሏን አየችው። ያ ሁሉ ስድብ በማን ላይ ሲወርድ እንደዋለ ያን ጊዜ ገባው፤ ጆሮው ድረስ ጋለ።

ቄስ ፍቅረ ሥላሴ «እንግዲህ እግዜር ይፍረድ» ብለው ዘወር አሉ።

የኋላሸት ተነሥቶ በአጠገባቸው አልፎ ወደ ውጭ ወጣ። አበረ የአጥሩ በር ላይ ተንበርክኳል፤ ማጅራቱ ላይ የወፍጮ መጅ የሚያክል ድንጋይ ጭኗል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን የነገረው የለም። የኋላሸት ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሣለት። የሦስት ዓረፍተ ነገር ጨዋታ ሲንቅ የዋለው አንደበት አንዲት እንኳ አጣ።

«ይከብዳል» አለ በመጨረሻ፣ ድንጋዩን እንደያዘ።

«ይከብዳል እንጂ» አለ አበረ፣ ቀና ሳይል።