መሰላሉን የያዘው

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል፣ ልጆቼ። አንድ ቀለም ቀቢ ነበር፤ ሳሉ የቆየ ነው፤ ቂሙ ግን አልጋ ላይ ሳለ መጣበት።

የሚስቱ ወንድም መሰላሉን ታች ሆኖ እንዲይዝለት ታዝዞ ለቀቀው። ቀቢው ወድቆ ቅልጥሙ ተሰበረ። “አዳልጦኝ ነው” አለ አማቹ፤ ቀቢውም ለሚስቱ ሲል አመነው። አማቹም ብሩሹንና ሠራተኞቹን ተረከበ፤ ቀቢው ሊቀባው የነበረውን የትልቅ ሕንፃ ውል በራሱ ስም ሊፈርም ነው ተባለ። ቀቢው ከዚያ በፊት መቆም ነበረበት። አጥንቱ ግን እምቢ አለ።

አማቹ ከሥራ ሲመለስ ሲጋራ ይዞለት ይመጣል። “እንካ ጋሼ፣ ሳብ ሳብ አድርግ፤ ሐሳብ ሰው ይገድላል።”

“ተባረክ” ይላል ቀቢው፣ እያሳለ።

አንድ ቀን ሐኪሟ ራጁን ብርሃን ላይ አድርጋ አየችና ራሷን ነቀነቀች። “አጥንት ድንጋይ አይምሰልዎት፤ ሕይወት አለው። መጀመሪያ ቀጫጭን የደም ስሮች ወደ ስብራቱ ያድጋሉ። ምግብና አየር የሚያደርሱት እነሱ ናቸው፤ አዲሱ አጥንት እነሱን ተከትሎ ነው የሚሠራው። ሲጋራ ደግሞ ጠባብ ያደርጋቸዋል። ባለፈው ለአማችዎ ነግሬው ነበር እኮ፤ አልነገረዎትም?”

ቀቢው አማቹ በየማታው የሚያቀብለውን ሲጋራ አሰበ። “ነግሮኛል” አለ ቀስ ብሎ። “የረሳሁት እኔ ነኝ።”

ከዚያ ወዲያ ሲጋራ ከንፈሩን አልነካም። ሲያምረው ትራሱን ይነክሳል። አማቹ ያመጣውን እየመረቀ ይቀበልና ፍራሹ ሥር ይከተዋል።

“ምን ልታደርገው ነው?” ትለዋለች ሚስቱ።

“አደራ ነው፤ ለባለቤቱ ይመለሳል።”

ዓይኑን ጨፍኖ እነዚያ ስሮች በስብራቱ ውስጥ ሲሳቡ ያስባል። “ግፉ” ይላቸዋል፣ “የሚጠብቀን ሰው አለ።”

ውሉ በሚፈረምበት ጠዋት ያለ ምርኩዝ ሕንፃው ድረስ ሄደ። ሲጋራውን በሙሉ ከከረጢት አማቹ እግር ሥር አራገፈው። የአማቹ ፊት አመድ መሰለ።

“ጋሼ፣ ድነሃል እንዴ?”

“ድኛለሁ። የምፈርመው እኔ ነኝ። አንተን አላባርርም፤ እህትህን አላስለቅስም። የላይኛው ግድግዳ ያንተ ነው፣ በል ውጣ።”

ወጣ። ላይ ሲደርስ አቆልቁሎ አየ። መሰላሉን በሁለት እጁ የያዘው ቀቢው ነበር።

“አይዞህ” አለው ፈገግ ብሎ። “እኔን አያዳልጠኝም።”

ሕንፃው ተቀብቶ እስኪያልቅ በየቀኑ ያዘለት። እጁ አንድም ቀን አልላላም፤ ፈገግታውም እንደዚያው።