በማሞኬቴ ስም የተመዘገበችው ልጅ

ሲቶኮዚሌ ትሹማ ነገር የማታበዛ፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። በዕድሜዋ ክፉኛ የቸኮለችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በቃት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። አፍሶ መልቀም እኮ ዕድል ነው፤ እሷ ያፈሰሰችው የሚለቀም አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚምባብዌ ተሰዶ ጆሃንስበርግ ዙሪያ ለሚኖረው ሕዝብ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በየጥቂት ዓመቱ የሚታደስ ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጥቶት ነበር። ሲቶኮዚሌ በዚያች ወረቀት አሥራ አንድ ዓመት የሆቴል አንሶላ አጠበች። ተምቢሳ ሰፈር፣ ማሞኬቴ ሞፎኬንግ የምትባል ሴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታም ልጇን ኖምቬሎን አሳደገች። አንድ ቀን ታዲያ ፈቃዱ ከእንግዲህ አይታደስም፣ በዓመት ውስጥ ጓዛችሁን ጠቅልሉ ተባለ።

ሰፈሩ ታመሰ። አልጋውና ፍሪጁ በተጎታች ተጭኖ ወደ ድንበር ይጎርፍ ጀመር። ጠበቆች ደግሞ ሕዝቡ ሳይጠየቅ እንዲህ ያለ ውሳኔ አይወሰንም ብለው ክስ መሠረቱ። ወንድሟ ዜንዞ ጫማ ሰፊ ነው፤ ጋዜጣ ከእጁ አይለይም።

«ትንሽ ታገሺ እንጂ እህቴ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው ያለው» አላት።

«የሰው ጫማ ስድስት ወር የምታስቀምጥ ሰውዬ፣ ስለ ትዕግሥት ባታስተምረኝ ምን አለ?»

«ጫማው እኮ በመጨረሻ ይሰፋል።»

«አዎ፣ ባለቤቱ በባዶ እግሩ ከሄደ በኋላ።»

ጭንቀቷ ለራሷ አልነበረም። ኖምቬሎ ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር። የተወለደችው እዚያችው ክፍል ውስጥ፣ አምቡላንስ ሳይደርስ፣ ማሞኬቴ እጅ ላይ ነው፤ የልደት ወረቀቷ ዛሬ ነገ ሲባል ሳይወጣላት ቀርቷል። ትምህርት ቤቱም ወረቀት አምጪ እያለ መጨቅጨቅ ጀምሯል። እናትየው ከተባረረች ልጅቷ በምን ትቆማለች?

ማሞኬቴ የአገሩ ተወላጅ፣ ያልወለደች፣ ልበ ቀና ሴት ናት። አንድ ጠዋት አብረው ልብስ ሲያሰጡ፣

«እኔ ነኝ እናቷ ብዬ ባስመዘግባትስ?» አለች። «የወረቀት ነገር ነው። ማን ጓዳችን ገብቶ ያየናል?»

«ትምያለሽ?»

«እኔ አይደለሁ ያዋለድኳት? ግማሹ እውነት ነው።»

በዚያ ሰፈር እንዲህ ያደረጉ ሌሎችም ነበሩ፤ በጎረቤት ስም የሚጠራው ልጅ ብዙ ነው። ሲቶኮዚሌ ሳትውል ሳታድር እሺ አለች። ማሞኬቴ መዝገብ ቤት ቀርባ ልጄ ናት ብላ ማለች፤ ልጅቷ ኖምቬሎ ሞፎኬንግ ሆነች። የዚያን ቀን ሲቶኮዚሌ ዶሮ አርዳ ግቢውን በሙሉ ጋበዘች። ያንን ደስታዋን ሳስበው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ዓመት እንኳን አልሞላም፣ ዜንዞ ጋዜጣውን እያውለበለበ መጣ። ፍርድ ቤቱ ውሳኔው ሕግን ያልተከተለ ነው ብሎ ሽሮታል፤ ፈቃዱ ይቀጥላል። ግቢው በእልልታ ቀለጠ። እሷ ግን በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ምነው፣ ደስ አላለሽም እንዴ?»

«ደስማ ብሎኛል። ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ፤ ልጄን አስቀድሜ ለሰው ስም ሰጥቻለሁ።»

በሳምንቱ በነጻ ምክር ወደምትሰጥ ጠበቃ ሄዳ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ጠበቃዋ ልጅ እግር ናት፤ አላባበለቻትም።

«እውነቱ ከወጣ ወይዘሮ ማሞኬቴ በሐሰት መሐላ ይከሰሳሉ። ልጅቷም ያላትን ወረቀት ታጣለች። ምነው እናቴ፣ ትንሽ ቢታገሡ ኖሮ?»

ሲቶኮዚሌ ባለውለታዋን እስር ቤት ከመላክ ዝም ማለትን መረጠች። ሌላ ምን ማድረግ ትችል እንደነበር የሚነግረኝ ሰው እኔም እስካሁን አላገኘሁም።

ጊዜው ሄደ። ዚምባብዌ፣ ጓንዳ በምትባል ከተማ ይኖሩ የነበሩት እናቷ ሞተው ዓመት ሞላና የሟች መንፈስ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቀን ደረሰ። በነሱ ወግ በዚያ ቀን የልጅ ልጅ ካልተገኘ አሮጊቷ ደጅ ቀሩ ማለት ነው። ሲቶኮዚሌ ፈቃዱ በእጇ ነውና ድንበር መሻገር ትችላለች። ኖምቬሎ ግን ለአካለ መጠን አልደረሰችም፤ የወላጅ ደብዳቤ ካልያዘች አታልፍም። ደብዳቤውን የምትጽፈው እንግዲህ ማሞኬቴ ናት። «ልጄ ከጎረቤቴ ከወይዘሮ ትሹማ ጋር እንድትሄድ ፈቅጃለሁ» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ከዚያ ቀና ብሎ ማየት አቃታት።

«ይቅር በይኝ እህቴ።»

«አንቺ ምን አደረግሽ? ለልጄ ብለሽ ነፍስሽን አስያዝሽ እንጂ።»

ቤይትብሪጅ ድንበር ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራቸው ሲደርስ የገጠማቸው ሹም ጠጉሩ የሸበተ፣ ፊቱ የማያስፈራ ሰው ነው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ። ልጅቷን አየ፤ ሴትዮዋን አየ። ግንባራቸው አንድ፣ አገጫቸው አንድ ነው።

«ይህች ሴት ምንሽ ናት?»

ኖምቬሎ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ስህተት ብትናገር ማን እንደሚታሰር ታውቃለች።

«ጎረቤታችን ናት» አለች።

«እናትሽስ?»

«ተምቢሳ ናት። ሥራ አልመች ብሏት ቀረች።»

ሲቶኮዚሌ ልጇ እንዲህ ዓይኗን ሳታሽ ስትዋሽ ሰማች፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ አለች በልቧ። እጇን ልትይዛት ፈለገችና ተወችው።

ሹሙ ማኅተሙን መታ። ወረቀቱን ሲመልስላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«የሰው ልጅ ነው የያዝሽው እናቴ፤ ዘመኑ ክፉ ነው፣ አደራሽን» አላት።

«እሺ ጌታዬ» አለች ሲቶኮዚሌ። «በሰላም ለእናቷ አስረክባታለሁ።»