የተለቀለቀው ግድግዳ

ባለሙያ ነኝ። ራሴን ማመስገኔ አይደለም፤ ከወረታ እስከ አንበሳሜ ብትጠይቁ የአያልነህን ሚስት የሸዋነሽን ቤት የማያውቅ የለም። ወለሌ ላይ እህል ቢፈስ ለቅመው ሳያበጥሩ ያስፈጩታል። ጉድ የሠራኝም ይኸው ሙያዬ ነው።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ ሲገባ፣ ልጄ እናኑ ከይፋግ ከባሏ ቤት መጣች። ገና አምስት ወሯ ነበር፤ ግን የርብ ወንዝ ከሞላ መሻገሪያ የለም። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ እናት ቤት ነው የሚወለድ፤ ወጉ ነው። ያለችኝ ሴት ልጅ እሷ ብቻ ናት። በሃምሳ አንዱ ንዳድ ወንድሜን ከነሁለት ልጆቹ በአንድ ሳምንት ቀብሬያለሁና ወባ የሚሉትን ነገር አጥብቄ እፈራለሁ። እናኑን ገና ከመድረሷ «እሸት በቆሎ እንዳትቀምሺ፣ ወደ ረግረጉ ዝር እንዳትይ» ብዬ አስጠነቀቅኋት። ወባ ከዚያ የሚመጣ ይመስለን ነበራ!

በመጣች በሳምንቷ የወባ ሰዎች መድኃኒት ሊረጩ መጡ። በጀርባቸው የቆርቆሮ ጋን አዝለዋል፣ በእጃቸው ቀጭን ቧንቧ ይዘዋል። ዕቃዬን ሁሉ ደጅ አስወጥተው ገቡና ፍሽ! ፍሽ! ያደርጉት ጀመር። ሲወጡ ብገባ፣ ኧረ የኔ ጉድ! በቀይ አፈር አሳምሬ የቀባሁት ግድግዳ ዱቄት እንደተደፋበት ተዥጎርጉሯል። ሽታውማ አይነሣ!

«እናቴ፣» አለኝ አንደኛው ላቡን እየጠረገ፤ «ይኸን ግድግዳ እስከ ጥር ድረስ እንዳይለቀልቁት። ወባን የምታመጣ ቢንቢ ናት። ደም ጠጥታ ስትከብድ ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ይገድላታል። ከለቀለቁበት ግን መድኃኒቱን ቀበሩት ማለት ነው።»

«እሺ ልጄ» አልኩት። በሆዴ ግን «ኤዲያ! ይች ጥፍር የማታክል ቢንቢ ሰው ልትገድል? የሰው ቤት አጨማልቆ ለመሄድ ምክንያት አታጡም» እያልኩ ነበር።

ጎረቤቴ ጥሩብርሃን ቤቷን እንዳለ ተወችው። ድሮም እጇ ሰነፍ ነው። «አሁንማ ምክንያት አገኘች» እያልኩ ክረምቱን ሙሉ ሳማት ከረምኩ።

መስከረም እንደጠባ መልእክት መጣብኝ። የእናኑ አማት፣ እመት ወለተ ሚካኤል፣ ለመስቀል ምራታቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ። የቄስ ሚስት ናቸው፤ ምላሳቸው መርፌ ነው። ይኸን ግድግዳ አይተው «ልጄን ከማን ቤት ነው ያጋባሁት?» ይበሉ? ልጄስ በዚህ ስትሰደብ ትኑር? በቁሜ ሞትኩ! እበትና ጭድ ከጭቃ አቡክቼ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ ሦስት ቀን ለቀለቅሁ። በላዩ ቀይ አፈር ቀባሁበት። አያልነህ «ሴትዮ፣ ሰዎቹ አትንኩ ብለው አልነበር?» ቢለኝ «አንተ ስለ በሬህ አስብ» ብዬ አፉን አስያዝኩት።

እመት ወለተ ሚካኤል መጡ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉና «እጅሽ ይባረክ፣ ሸዋዬ» አሉኝ። ደስታዬን የምችልበት አጣሁ።

ጥቅምት በገባ በሳምንቱ እናኑ በጠራራ ፀሐይ «በረደኝ» አለች። ጋቢ ደረብኩላት፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ትንሽ ቆይታ ደግሞ እሳት ሆነች።

«እሸት በላሽ? አንቺን እኮ ነው! በላሽ ወይ?» ብዬ ጮኽኩባት።

«በማርያም፣ አልቀመስኩም» አለች።

በሦስተኛው ቀን አያልነህና ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ ተሸክመው ወረታ አደረሷት። የጤና ጣቢያው አካሚ፣ ድሬሰር የምንለው፣ ሆዷን ዳበሰ። መራራ ክኒን አስዋጣትና ወደኔ ዞረ።

«የናንተ ሠፈር አልተረጨም እንዴ?»

«ተረጭቷል እንጂ።»

«ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ተለቅልቋል?»

እናኑ ቃሬዛው ላይ ሆና ታየኛለች። አያልነህ መሬት መሬቱን ያያል።

«ኧረ የለም! ምን በወጣኝ!» አልኩ። ማርያምን ብዬ ማልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አፌ እንዴት እሺ እንዳለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ክኒኑ ልጄን አተረፈልኝ። ሕፃኑን አላተረፈም። ቤት በመለስናት በማግስቱ ያለ ወሩ ምጥ መጣ። ወንድ ነበር፤ ራሱ በጠጉር የተሸፈነ፣ ቆንጆ ልጅ። አላለቀሰም። ክርስትና ስላልተነሣ አያልነህ ጓሮ ቀበረው።

ጥሩብርሃን ልታጽናናን መጣች። አራቱም ልጆቿ ከኋላዋ ተከትለዋት ገቡ፤ ክረምቱንም መኸሩንም ወባ አልነካቸውም። ቀና ብዬ ላያት አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ እህል አልበላ፣ ውኃ አልጠጣ አለኝ። አንድ ጠዋት የእናኑን ገላ ሳጥብ አልቻልኩም፤ ጣሳውን አስቀምጬ እግሯ ሥር ተደፋሁ።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ የገደልኩብሽ። አትለቅልቂ ብለውኝ ነበር። ሰማሁና ናቅኩት። ድሬሰሩንም ዋሸሁት።»

«አውቃለሁ እኮ፣ እምዬ» አለች ሳትቆጣ። «መድኃኒት ረጪው ሲነግርሽ ደጃፉ ላይ ነበርኩ። ሲወጣ ለኔም ለብቻዬ ‹ወባ ነፍሰ ጡር ላይ ትብሳለች፣ አደራሽን› ብሎኝ ነው የሄደ። ጭቃውን ስታቦኪ ተዪው ልልሽ አስቤ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ለኔ ብለሽ ነው የምትደክሚ። አማቴ ፊት እንዳታፍሪ ብዬ ነው። የጭቃውንም ውኃ ያቀበልኩሽ እኔው ነኝ» አለችና እንባዬን በነጠላዋ ጠረገችልኝ።

ምነው በሰደበችኝ!