ተድላ የታጠበበት ውሃ

የቦንጋ ሰው እጣቢውን ወደ ቱቦ ከለቀቀ በኋላ ከራሱ የወጣ አይመስለውም። ከከተማው በታች ባሉት ኩሬዎች እየጠለለ፣ መድኃኒት እየተጨመረበት የሚጣራው ግን የዚያው የንጹሑ ሰው ሁሉ ጉድ ነው። ተድላ ያንን ፍሳሽ ሲያጣራ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሥራውንም ይወደዋል። መዘዙን ያመጣበትም ይኸው መውደዱ ነው።

የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሆኖ የሣህሌ ብሎኬት ፋብሪካ ሊዘጋ ሲል፣ ሣህሌ የተጣራውን ውሃ ወደ ፋብሪካው አስጠለፈ። ገበያተኛው አፈነገጠ። "በሽንት ቤት ውሃ የተቦካ ብሎኬት ቤቴ አይገባም!" ተባለ፤ ሺሺንዳ ድረስ የታዘዘው ሳይቀር ተሰረዘ። ሣህሌ ደንበኞቹን ሰብስቦ ኩሬው ዳር አመጣቸው።

"ጋሽ ተድላ፣ በሞቴ፣ ንጹሕ መሆኑን ያሳዩልኝ" አለ ተለማምጦ።

ውሃው ለሲሚንቶ እንጂ ለገላ እንዳልተፈቀደ ተድላ ያውቃል። ግን ሥራው ሲናቅ ዝም ብሎ ማየት አልሆነለትም። እጅጌውን ሰብስቦ በእፍኙ ጨለፈና ፊቱን ታጠበ። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል። ሰዉ አጨበጨበ፣ በስልክም ቀረፀ። ብሎኬቱ ተቸበቸበ፤ ቪዲዮው ደግሞ ቦንጋን አዳርሶ ቢታ ገነት ገባ። ተድላም ስሙ "ፍሳሹ" ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ የሣህሌ ልጅ ዮሴፍ የተድላን ልጅ ኑኃሚንን ወዶ ሽማግሌ ሲልክ ተድላ ደስታው ወሰን አጣ። የናቁትን ሰው ልጅ ማን ይጠይቃል? ለሠርጓ የተመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድዬ ልጁ ከቤት ስትወጣ ጉልበቱን ስማ፣ እሱም መርቆ እንዲሸኛት።

ሠርጉ ሲቃረብ ኑኃሚን ከአማቶቿ ቤት ተመልሳ እናቷ አጠገብ ኩርምት ብላ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ ጉልበት መሳሙ ቢቀርስ?"

"ምን ሆነና?"

"የዮሴፍ አባት ናቸው ያሉት። ሠርጉ ይቀረፃል፤ ያንን ቪዲዮ ያየ ሰው ሁሉ... ይጸየፋል አሉ።"

"ሣህሌ? ፊቴን ያስታጠበኝ ሣህሌ?"

"አንቺስ ምን አልሽ?" አለች እናቷ አልጣሽ። "በዚያ ውሃ እንጀራ አይደል ያደግሽው!"

ኑኃሚን አቀርቅራ አለቀሰች።

"ልጄ ጉልበቴን ሳትስም ከዚህ ቤት አትወጣም" አለ ተድላ። ነገሩም በዚሁ ተዘጋ።

በሠርጉ ዕለት ከንጋት ጀምሮ በሳሙና ደጋግሞ ታጠበ፤ ቆዳው እስኪቀላ ፈተገው። አዲስ ሱሪውን ለብሶ ከአልጣሽ ጎን ተሰየመ። እልልታው ቀለጠ፣ ካሜራው ተጠጋ። ኑኃሚን የእናቷን ጉልበት ስማ ወደ አባቷ ዞረች። ስትንበረከክ የተድላ ዓይን እንባ ሞላ።

ከጓንቷ ውስጥ ነጭ ሶፍት መዘዘች። ጉልበቱ ላይ አነጠፈችው፤ ሶፍቱን ሳመችና ቀና አለች። የአባቷንም የአማቷንም ቃል ጠበቀች።

ሰዉ ምርቃቱን ይጠብቃል። ተድላ እጁን ራሷ ላይ ሊጭን ዘርግቶ፣ መልሶ ሰበሰበው።

"ውለጂ፣ ክበጂ" አላት። "የወለድሽውም ልጅ እንዲሁ ይሳምሽ።"

ታዳሚው በአንድ አፍ "አሜን!" አለ።