በሁለት እጅ የቀረበ ወንበር

የሴቶች ሬስሊንግ ተፋላሚዋ ካኪዛኪ ሚናሞ ጨዋነቷን ጥላ ክፉ ከሆነች ገና ሁለተኛ ወሯ ነበር። በዚያ እሑድ ቀትር ላይ፣ ካሜይዶ ውስጥ ከቦውሊንግ ቤቱ በላይ ባለችው ጠባብ አዳራሽ፣ ተጋጣሚዋን በፀጉሯ እየጎተተች ከመፋለሚያው መድረክ፣ ከሪንጉ፣ አወረደቻትና ተመልካቹ መሀል ገባች። የፊት ረድፍ ሰዎች እንደ ወትሮው ቦርሳቸውንና የሻይ ጠርሙሳቸውን አፈፍ አድርገው ወደ ኋላ ሸሹ። ሚናሞ በግራ እጇ የልጅቷን ፀጉር እንደጨመደደች፣ በቀኟ የምትመታበት ወንበር ትፈልግ ጀመር።

የረጅም ጊዜ ደጋፊዋ መምህር ኩሱሞቶ ጥፋት የሠሩት ይኼኔ ነው። የተቀመጡበትን ታጣፊ ወንበር አጠፉ። አቧራ ቢኖርበት ብለው በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ከዚያም ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው አቀረቡላት።

ሚናሞ ተቀበለች። መቀበል ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ግን የቆየ ልማድ ቶሎ አይለቅምና፣ ሳታስበው እሷም ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

ከታች የቦውሊንግ ኳስ ሲንከባለልና እንጨቶቹ ሲንኮታኮቱ ተሰማ። ከዚያ ሳቅ ፈነዳ። ፀጉሯን የተያዘችው ልጅ እንኳ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታየ።

«እንዲህ ነው እንጂ አስተዳደግ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሌላው «እናቷን አመስግኑልኝ!» ብሎ ተቀበለው። ቀጥሎ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ሆነ። ሚናሞ ወንበሩን ይዛ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ቆመች፤ ስትመታበትም ጉልበት አልነበራትም።

በሴቶች ሬስሊንግ ዓለም ለክፉ ተፋላሚ ከጭብጨባ የከፋ ነገር የለም። ጨዋዋ በፍቅር ትኖራለች፤ ክፉዋ በጥላቻ። ክፉዋን የወደዳት ሰው ጉሮሮዋን ዘጋባት ማለት ነው። መምህር ኩሱሞቶ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። የሌሎቹን ክፉዎች በሚገባ ሲጠሉ ኖረዋል፤ በእርግጥ አጠላላቸውም እጅን አጣምሮ ራስን ከመነቅነቅ አላለፈም።

ሚናሞ ግን ሌላ ነች። እሳቸው ፉናባሺ ውስጥ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ናቸው። የመጀመሪያ ግጥሚያዋን ተሸንፋ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች ስትወርድ ካዩ ጀምሮ ዐሥር ዓመት ሙሉ አልተለዩዋትም። መለያዋ ውሃ ሰማያዊ ነበር። ስሟ ሲጠራ ወደ ሪንጉ የሚወረወረውን ሰማያዊ የወረቀት ጥብጣብ የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ማንንም እንዳይጎዳ ከያንዳንዱ ጥቅል መሀል ደረቁን ካርቶን ያወጣሉ፤ ለአዲስ መጤዎችም ጫፉን በጣት ይዞ እንዴት እንደሚለቀቅ ያስተምራሉ። የፊት ረድፉ ከሳቸው እጅ ያልተማረ ሰው የለበትም።

በዐሥር ዓመት ውስጥ የሻምፒዮናው ቀበቶ አንድም ቀን ወገቧ ላይ አልታሰረም። ሁልጊዜ ትቀርባለች፣ ሁልጊዜ ትሸነፋለች፣ ሁልጊዜ «በርትቼ እመለሳለሁ» ብላ ታለቅሳለች፣ ሁልጊዜ ያጨበጭቡላታል። በክረምቱ መግቢያ ላይ ነው የገዛ አጋሯን በወንበር ጀርባዋን ብላት፣ ማይክራፎን ነጥቃ፣ «ይኼን ሰማያዊ ወረቀታችሁን ሰብስቡልኝ! በአዘኔታችሁ አፍናችሁ ልትገድሉኝ ነው!» ያለችው። ጥቁር ለበሰች፤ ቅንድቧን አሾለች።

የፊት ረድፉም አለቀሰ። «ደክሟት ነው» አሉ መምህር ኩሱሞቶ፤ እንደ ተማሪ አዩዋት። «ልጅ እንዲህ የምትሆነው የሚረዳት ስታጣ ነው። እንደውም አሁን ነው ከጎኗ መቆም።» በሚቀጥለው ጊዜ ጥብጣቡ እጥፍ ሆኖ ተወረወረላት።

ከወንበሩ ጉድ በኋላ፣ ተፋላሚዎቹ ራሳቸው ካናቴራና ፎቶ ወደሚሸጡበት ጠረጴዛ የሚወስደው ሰልፍ ላይ፣ እትዬ ኡቡካታ መምህሩን በክርናቸው ጎሰም አደረጓቸው። እትዬ ኡቡካታ ኪንሺቾ ውስጥ የልብስ እጥበት ቤት ያላቸው፣ ፀጉራቸውን ወይን ጠጅ የሚቀቡ፣ በተማሪነታቸው ዘመን ለዚሁ ስፖርት ሲጮሁ ድምፃቸው የተሰነጠቀ ሴት ናቸው። እንደተሰነጠቀም ቀርቷል።

«መምህር፣ ልጅቷን ገደሏት።»

«ወንበር ነው እኮ ያቀበልኳት።»

«እሱን ነው የምልዎት! ወንበር ይነጠቃል እንጂ ይታደላል? ቤትዎ ሌባ ሲገባ መብራት ያበሩለታል?»

«እንዳትቸገር ብዬ…»

«ትቸገር! ኧረ ትቸገር በናትዎ!» እትዬ ኡቡካታ ስልካቸውን አወጡና ግጥሚያዎቹን የሚያዘጋጀው ድርጅት ኃላፊ ያለውን አነበቡላቸው። ሰውየው ስም አልጠራም። በመጸው ለቀበቶው የምትታጨው አዳራሹን የምታናውጥ እንደሆነች፣ ሕዝብ የሚስቅላት ወንበዴ ግን «ወደ ቀድሞ ልብሷ ብትመለስ እንደሚሻላት» ብቻ ነበር የተናገረው።

«የቀድሞ ልብሷ ሰማያዊው ነው» አሉ መምህሩ።

«ጎበዝ ተማሪ! እጩዋ ሳትመረጥ የቀረው አንድ ግጥሚያ ነው። አዳራሹ ደግሞ የሚያየው እርስዎን ነው። ሲያጨበጭቡ ያጨበጭባል፤ ሲወረውሩ ይወረውራል። ስለዚህ አምርረው ይጥሏት።»

«እኔ? ሚናሞን?»

«የሚወዷት ከሆነ፣ አዎ።»

መምህር ኩሱሞቶ ወደ ሰልፉ ፊት ተመለከቱ። ዐሥር ዓመት ሙሉ ከየግጥሚያው በኋላ አብሯቸው ፎቶ እየተነሣች፣ «መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? ተማሪዎቹ ደህና ናቸው?» ትላቸዋለች። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ሰው ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር ሳምንት ይከርማል።

«ከዚያ በኋላ… ፎቶውስ?»

«ከጠላቱ ጋር ፎቶ የሚነሣ አይተዋል?» አሉ እትዬ ኡቡካታ፤ ግን ክፉ ሴት አይደሉምና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ያሉት።

በማግሥቱ ከሥራ በኋላ እትዬ ኡቡካታ ተዘግቶ የሚዘፈንበት የካራኦኬ ክፍል ተከራይተው ጠበቋቸው። ሰው በዚህ ከተማ ጎረቤት ሳይረብሽ የሚጮኸው እዚያ ብቻ ነው። ማይክራፎኑን አስጨበጧቸው።

«እኔ ሚናሞ ነኝ እንበል። ይስደቡኝ።»

መምህሩ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። «ካኪዛኪ… ድርጊትሽ ቅር አሰኝቶኛል።»

«የቴሌቪዥን ዜና ነው የሚያነቡት? ከሆድዎ!»

«እ… እንዲህ ባታደርጊ ይሻል ነበር!»

«ወይ ጣጣ! ሠላሳ ዓመት ከጎረምሳ ጋር ኖረው ስድብ የለዎትም?»

«የምሰደበው እኮ እኔ ነኝ።»

እትዬ ኡቡካታ ሳቃቸውን ውጠው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ምላሳቸውን አወጡባቸው። ሥራቸውን፣ ክራቫታቸውን፣ ወንበር አያያዛቸውን አብጠለጠሉ። መጨረሻ ላይ መምህር ኩሱሞቶ ደማቸው ፈላና «ውጪ ከዚህ!» ብለው አምባረቁ። ልክ በዚያች ቅጽበት ሻይ ይዞ በሩን የከፈተው አስተናጋጅ «ይቅርታ ያድርጉልኝ!» ብሎ ከነትሪው ተመለሰ። መምህሩ ማይክራፎኑን ጥለው፣ አንገታቸውን ደጋግመው እየደፉ፣ እስከ አሳንሰሩ ድረስ ይቅርታ ሊጠይቁት ተከትለውት ሮጡ።

ሲመለሱ እትዬ ኡቡካታ ዘፈን መርጠው ብቻቸውን ይዘፍኑ ነበር።

የመጨረሻው ግጥሚያ ቀን ደረሰ። መምህር ኩሱሞቶ የሚናሞ ስም የታተመበትን ሰማያዊ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ጥብጣብ የሞላ ቦርሳቸውን እግራቸው ሥር አኑረው ተቀመጡ። የፊት ረድፉ እጁን ሲዘረጋላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዛሬ አንወረውርም።»

«ከዷት እንዴ መምህር?» አለ አንዱ፤ ሊያለቅስ የደረሰ ይመስላል።

ስሟ ተጠራ። ጥብጣብም ስድብም የሌለበት ዝምታ ተቀበላት። ሚናሞ ገመዱን አልፋ ስትገባ ዓይኗ ሳታስበው ወደ ፊት ረድፉ ሄዶ ተመለሰ።

ግጥሚያው ሲጋጋል ከሪንጉ ወረደች። ተጋጣሚዋን ምሰሶው ሥር ጣለቻት፤ ወንበር ፍለጋም መጣች፤ በቀጥታ ወደ እሳቸው። ሰው ሁሉ ሸሸ። መምህር ኩሱሞቶ አልሸሹም። ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ጀርባውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆሙ። ሚናሞ ጎተተች፤ ጎተቱ። አፋቸውን ሲከፍቱ በካራኦኬ ክፍል ከተማሩት አንድም ቃል አልመጣም። የመጣው ከስፖርት አዳራሽ ጀርባ ሲያጨሱ የተያዙ ልጆችን የሚያንቀጠቅጡበት ድምፅ ነው፦

«ካኪዛኪ! ልቀቂ ወንበሩን! ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ!»

ከኋላ አካባቢ ሳቅ ፈልቀቅ አለ። ሳቁ ወደ መሀል መዛመት ጀመረ።

ሚናሞ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ነች፤ በዐሥር ዓመት ውስጥ ከሽንፈት ሌላም የተማረችው ነገር አለ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል መምህሩን ትኩር ብላ አየቻቸው። ቀይ ፊታቸውን፣ ወንበሩ ላይ የነጡትን ጣቶቻቸውን አየች፤ ሕዝብ እንዲጠላት እየረዷት እንደሆነም ገባት። ከዚያ ሰማያዊውን ፎጣ ካንገታቸው ላይ መነጨቀች። የጫማዋን ሶል ጠረገችበት፤ አፍንጫዋን ተናፈጠችበት፤ መልሳም ራሳቸው ላይ ጣለችው። ቦርሳቸውን አንሥታ ጥብጣቡን በላያቸው ዘረገፈችና አንድ በአንድ እየረገጠች ጨፈላለቀችው።

ሳቁ ተቆረጠ።

እነዚያን ጥቅልሎች ማን እንደሚያዘጋጃቸው ያልሰማ በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም። የፊት ረድፉም የመጀመሪያውን ጥብጣብ ከማን እጅ እንደተቀበለ ያውቃል። ከሁለተኛው ረድፍ የተሰነጠቀ ድምፅ «ኡውውው!» አለ፤ የእትዬ ኡቡካታ። ሌሎቹም ተከተሏቸው፤ አዳራሹ ተናወጠ።

«ነውረኛ!»

«እኚህን ሰው? እኚህን ሰው!»

«ውረጂ! ጥፊ ከዚህ!»

ከታች የቦውሊንጉ ድምፅ እንኳ ጠፋ። ሚናሞ ደረቷን ነፍታ በእርግማኑ መሀል ሄደች፤ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብላ ስትራመድ ማንም አይቷት አያውቅም። መምህር ኩሱሞቶ ፎጣውን ከራሳቸው ላይ አላነሡትም። ደስታቸው ፊታቸው ላይ እንዳይታይ ከሱ የተሻለ መደበቂያ አልነበራቸውም።

የቀበቶው ግጥሚያ ተሰጣት። ግን ሕዝብ ጠባዩ አይታወቅም፤ በደንብ የጠሉት ነገር እየጣማቸው መጣ። መጸው ገብቶ፣ በዮኮሃማው ትልቅ አዳራሽ ሻምፒዮኗን ቶጋሺ ሩኢን ለመግጠም ስትወጣ፣ የፊት ረድፉ ጥቁር ለብሶ ጥቁር ጥብጣብ ይዞ ነበር። ካርቶኑ ከመሀሉ የወጣ፤ ያስተማሯቸውን አልረሱም። በሽያጭ ጠረጴዛው ላይም «ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ!» የሚል ካናቴራ ተደርድሮ ነበር። መምህር ኩሱሞቶ በሌላ ሰው አስገዝተው ከሸሚዛቸው ሥር ለብሰውታል። ከላይ ሙሉ ሱፍና ክራቫት ነው። ሲገቡም ሕዝቡ «ኡውው!» ብሎ ተቀበላቸው፤ አሁን የሚወዳትን «አስቸጋሪ ተማሪ» የሚቆጣ ሰው ሆነዋልና።

ሚናሞ አሸነፈች። ዳኛው ለሦስተኛ ጊዜ ምንጣፉን በመዳፉ ሲመታ አዳራሹ ብድግ አለ። ጥቁር ጥብጣብ እንደ ዝናብ ወረደ። የፊት ረድፉ ተቃቅፎ አለቀሰ። እትዬ ኡቡካታ እየዘለሉ ነበር። ይህን ቀን ከሁሉም አብልጠው የጠበቁት ሰው ብቻ እጃቸውን አጣምረው፣ ከንፈራቸውን ጥለው ተቀምጠዋል።

«መምህር!» ሹክ አሉ እትዬ ኡቡካታ፤ «ፊትዎን ያክፉት! እየሳቁ ነው!»

አከፉት። ቀላል አልነበረም።

ሚናሞ ቀበቶውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ማይክራፎን ይዛ ወረደች፤ ወደ እሳቸውም መጣች። ሕዝቡ ምን እንደሚከተል ያውቃልና ጠበቀ። መምህር ኩሱሞቶ ተነሡ።

«ነገ… ወላጅ…» ድምፃቸው ሰለለ።

ሚናሞ ክራቫታቸውን ጨብጣ ወደ ራሷ ሳበቻቸው፤ ግንባሯን ግንባራቸው ላይ ገጠመች። በማይክራፎኑ «ምን አልክ አንተ ሽማግሌ? አልሰማሁም!» ብላ አምባረቀች። አዳራሹ ጮኸ። በጩኸቱ መሀል ማይክራፎኑን ዝቅ አድርጋ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ማለት ይቻላል፣

«መምህር፣ ከሆድዎ ያውጡት» አለች። «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

እሳቸውም ከሆዳቸው አወጡት። የትምህርት ቤታቸው ግቢ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። «ካኪዛኪ! ነገ! ወላጅሽን! ይዘሽ! ነይ!» እስከ መጨረሻው ረድፍ ተሰማ፤ እስከ መጨረሻው ረድፍም ያለው ሕዝብ በአንድ አፍ «ኡውው!» አለባቸው። እርግማኑን ቀጥ ብለው ቆመው ተቀበሉ።

ሚናሞ ወንበራቸውን ያዘች። መምህር ኩሱሞቶም በሁለት እጃቸው ያዙ። የሚገባውን ያህል ታገሉ፤ ከዚያ ለቀቁላት።